የኖቬምበሩ ስኳር

ጋሼ ገረመው ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ በኖሩባቸው አስራ ዘጠኝ ዓመታት በረዶን የሚያውቁት በአካፋ ብቻ ነበር። ሲጥል ካስልሪጅ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ይጠርጋሉ፣ ጨው ይበትናሉ፣ የጎረቤታቸውን አሮጊት ደጅም ጨምረው ይጠርጋሉ፣ ከዚያ እጃቸውን እያፋተጉ ይገባሉ። ተራሮቹን ደግሞ በመኪና መስኮት ነው የሚያዩዋቸው። ሥራቸው ከአየር ማረፊያው እንግዳ እየጫኑ ዳውንታውን ሆቴሎች ማድረስ ስለሆነ፣ ሰማዩ በጠራ ቀን ነጭ ጫፎቻቸው በምዕራብ በኩል ተደርድረው ይታያሉ፤ እሳቸውም ለተሳፋሪው በጣታቸው ያሳያሉ። ከዚያ ያለፈ ዝምድና አልነበራቸውም።

ዝምድናውን ያመጣችው ልጃቸው ሮሚ ናት። እኔ ኑሃሚን የሮሚ ጓደኛ ነኝ፤ ከጁኒየር ሃይ ትምህርት ቤት ጀምሮ አብረን ነን። እሷ ዳውንታውን አንድ የኢነርጂ ኩባንያ ውስጥ ትሠራለች፣ እኔ ነርስ ነኝ። በረዶ ላይ የሚያንሸራትተውን ስኪ የጀመርነው ዩኒቨርሲቲ ሳለን ነው፤ መጀመሪያ ወደ ላይ የሚያወጣ ሊፍት ባለበትና ሰው በሞላበት ቦታ፣ ከካቻምና ጀምሮ ግን ሊፍት በሌለበት፣ ማንም በማያስተካክለው ተራራ ላይ። በራሳችን እግር ነው የምንወጣው። ስኪያችን ሥር ጸጉራም ጨርቅ እንለጥፋለን፤ ጨርቁ ወደ ኋላ እንዳንንሸራተት ይይዘናል። ጫፍ ስንደርስ ልጠነው ቦርሳችን ውስጥ እንከተዋለን፤ ከዚያ ማንም ባልረገጠው በረዶ ላይ ቁልቁል እንለቀዋለን። ሁለት ሰዓት ወጥተን በአስር ደቂቃ እንወርዳለን፣ በአስር ደቂቃው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ስንስቅ እንሰነብታለን።

ሮሚ ይህን ለአባቷ የነገረቻቸው ባለፈው ኖቬምበር ነው። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነውና አትሄጂም አላሏትም። የጠየቋት ሁለት ነገር ብቻ ነው። መንገዱን ማን ይጠብቀዋል? ማንም። እዚያ ሰው የሚገድለው ምንድን ነው? ሮሚ መዋሸት አይሆንላትም፤ የበረዶ ናዳ ነው አለች። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየችና ደግሞ ልታረጋጋቸው ስልኳን አውጥታ፣ ስለ ናዳ አደጋ በየቀኑ የሚወጣውን ትንበያ አሳየቻቸው። ባለሙያዎች ያጠኑታል፣ እኛም ሳናነብ አንወጣም አለቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ሊንኩን ላኪልኝ አሏት።

የሮሚ ስህተት እሱን መላኳ ነው።

ትንበያው የሚወጣው ከሰዓት በኋላ በአስር ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ጋሼ ገረመው አየር ማረፊያው አጠገብ፣ ሾፌሮች ተራ በሚጠብቁበት ፓርኪንግ ናቸው። ሌላው ሾፌር ጋቢናው ውስጥ ያሸልባል፤ እሳቸው ትንበያ ያነባሉ። መጀመሪያ ቃላቱ ከበዷቸውና ደብተር ገዝተው አንድ በአንድ መጻፍ ጀመሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አደጋው ከዝቅተኛው እስከ ከባዱ አምስት ደረጃ እንዳለው፣ ሎው፣ ሞደሬት፣ ኮንሲደረብል፣ ሃይ፣ ኤክስትሪም እየተባለ እንደሚጠራ፣ ለጫካው ውስጥና ከጫካው በላይ ላለው ገላጣ የተለያየ ደረጃ እንደሚሰጠው፣ ዳገቱ ሠላሳ ዲግሪ ሲያልፍ ነገር እንደሚበላሽ በቃላቸው ያዙ።

በዚያ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ትንሽ በረዶ ጣለና ከዚያ ለሁለት ሳምንት ደረቅ ብርድ ብቻ ሆነ። ቀጭን በረዶ ብርድ ላይ ሲከርም እርስ በርሱ መያያዙን ይተዋል፤ ዘግነው ቢለቁት እንደ ስኳር ይፈስሳል። ከዚያ በኋላ የሚጥለው በረዶ ሁሉ ስኳር ላይ እንደተሠራ ቤት ነው። ትንበያው ይህንን ሽፋን ክረምቱን ሙሉ ሲያነሳው ከረመ፤ ጋሼ ገረመውም አልተዉትም። ሮሚ ሥራ ላይ ሆና ስልኳ ይጠራል። ሚቲንግ አቋርጣ ወጥታ፣ ምን ሆንክ አባዬ ስትላቸው፣ የኖቬምበሩ ስኳር አሁንም እንዳለ ይነግሯታል። እሺ አባዬ ትላለች። እሑድ የት ነው የምትሄዱት ይሏታል። የት ነው ማለት ብቻ አይበቃም፤ ዳገቱ ስንት ዲግሪ ነው፣ ፊቱ ወደ የት ነው፣ ከበላዩ ምን አለ?

ረጅም የስኪ ሻንጣ የያዘ ተሳፋሪ ሲመጣላቸውማ ቀኑ ለሳቸው በዓል ነው። ሻንጣውን እየጫኑ ቢከን ይዘህ ይሆን ብለው ይጠይቃሉ። ቢከን ደረት ላይ የምትታሰር ትንሽ መሣሪያ ናት፤ ሰው በረዶ ሥር ሲቀበር ጓደኞቹ በሲግናሉ ይፈልጉታል። ከኦንታሪዮ የመጡ አንድ ባልና ሚስት እኛ ሊፍት ያለበት ቦታ ነው የምንሄደው ብለው መለሱላቸው። በጣም ጥሩ ብለው፣ እስከ ሆቴሉ በር ስለ ስኳሩ አስተማሯቸው። ሰዎቹ ሲወርዱ ቁጥራቸውን ወስደው ሄዱና በሳምንቱ ከተራራው ሥር ሆነው ፎቶ ላኩላቸው፤ «ገደላማው ጋ አልደረስንም» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ፎቶውን ለእኔም፣ ለሮሚም፣ ለቄሱም አሳይተዋል።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ወደ ኤድመንተን የሚወስደው መንገድ እንዴት ነው ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ጫካው ውስጥ ሞደሬት ነው ብለው ይመልሳሉ። ባለቤታቸው እትዬ ፈትለወርቅ አንድ ቀን እራት ላይ ሲሰሟቸው ቆዩና፣ የእኔን የደም ግፊት እንዲህ ተከታትለኸው ቢሆን መድኃኒቱን ትቼ በጤና እኖር ነበር አሏቸው።

ለገና ሮሚ ስጦታ ብላ የሁለት ቀን የናዳ ኮርስ አስመዘገበቻቸው። ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ብስጭት ነበር፤ አንዴ ከተማሩ ይለቁኛል ብላ ነው። እሷ ሥራ ስለነበራት፣ እኔም ትምህርቴን ማደስ ስለፈለግኩ አብሬያቸው ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ክላስ ውስጥ ነው። ከተማሪዎቹ ትንሹ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ጋሼ ገረመው ስልሳ አንድ። ፊት ወንበር ላይ ደብተራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ።

በሁለተኛው ቀን ተራራ ወጣን። ስኪ ስለማይችሉ እንደ ወንፊት ሰፋ ያለ የበረዶ ጫማ እግራቸው ላይ አሰርኩላቸው። እትዬ ፈትለወርቅ ከሥር ከሥር ያለበሷቸውን ሁሉ ስለለበሱ እጃቸው አልታጠፍ ብሎ ወደ ጎን ተገትሯል። ከመኪናው ሃምሳ ሜትር ሳንርቅ ከተረገጠው መንገድ ወጣ ብለው አንድ እርምጃ ተራመዱና እስከ ወገባቸው ሰመጡ። ድምጽ የለም። ደንግጬ ሮጥኩ። ስደርስ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ሰማዩን እያዩ፣ ሆዳቸው እየተንቀጠቀጠ ይስቃሉ።

«እንዲህ ለስላሳ መሆኑን ማን ነገረኝ?» አሉኝ። «አስራ ዘጠኝ ዓመት ስጠርገው!»

አነሳኋቸው። አምስት እርምጃ ሄደው እንደገና ወደቁ፤ ያኛው ግን ሆን ተብሎ ነው።

ከሰዓት በኋላ አስተማሪዋ በረዶውን እስከ መሬት ቆፍራ ግድግዳውን በአካፋ ቀጥ አድርጋ አለሰለሰችውና ምን እንደምናይ ጠየቀችን። እኔ ነጭ ግድግዳ ነው ያየሁት። ጋሼ ገረመው ግን ተንበርክከው ጓንታቸውን አወለቁና በጣታቸው ከላይ ወደ ታች እየዳሰሱ ወረዱ። ይሄ ባለፈው ሐሙስ የጣለው ነው። ይቺ ጠንካራ መስመር ሺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ የሞቀ ጊዜ የቀለጠው ነው፤ ያን ቀን ደጄ ላይ ያለው በረዶ በግማሽ ቀን ነው ያለቀው። ይሄ ወፍራሙ የዲሴምበሩ ነው፤ ያኔ በረራ ሁሉ ተሰርዞ ተሳፋሪ አጥቼ ዋልኩ። የማያውቁት ሽፋን የለም። ክረምቱን ቀን በቀን በስልካቸው ሲያነቡት ከርመው አሁን ፊት ለፊት አገኙት። ከግርጌው ሲደርሱ በጥፍራቸው ጫር አደረጉት፤ በረዶው እየተንሿሿ መዳፋቸው ላይ ፈሰሰ።

መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘረጉት። «ይኸው» አሉኝ በአማርኛ። «ይኸው፣ በእውነት አለ።»

አስተማሪዋ ይህን ሁሉ ከየት እንዳወቁት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ሳቀችና ቀሪውን እርስዎ ያስረዱ አለቻቸው። በረዶው ላይ ተንበርክከው፣ በራሳቸው እንግሊዝኛ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ለክላሱ ሁሉ አስረዱ። የአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ማስታወሻ ሲይዝ አይቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ መልቀቅ የሚባል ነገር የለም። ሮሚን በቀን ሦስት ጊዜ መደወል ጀመሩ፤ አሁን ግን ለማስጠንቀቅ አይደለም፤ መቼ ነው የምንሄደው እያሉ ነው። ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ተሸነፈችና ሦስታችን አንድ እሑድ ተነሳን።

ሳምንቱን ሙሉ ጥሎ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ሺኑክ ነፍሶ ከተማው ሁሉ ውሃ በውሃ ሆነ፤ ተራራው ላይ ያ ነፋስ በረዶውን ከአንዱ ፊት አንስቶ በሌላው ላይ ከምሮታል ማለት ነው። የእለቱን ትንበያ መኪና ውስጥ ጮክ ብለው ያነበቡልን ራሳቸው ናቸው፤ ሁለት ጊዜ። ከጫካው በላይ ኮንሲደረብል፣ ጫካው ውስጥ ሎው። ስለዚህ እቅዱ ያለቀለት ነው፤ ጫካው ውስጥ፣ ለዘብ ባለው ዳገት ብቻ፣ ከዛፎቹ ዳር አናልፍም። ከፓርኪንጉ ስንነሳም ቢከኖቻችንን አንድ በአንድ የፈተሹት እሳቸው ናቸው።

ጫካው ግን አሰከራቸው። ሌላ ቃል የለኝም። ቅርንጫፉ ሁሉ በረዶ ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል፣ ፀሐይዋ በመሃል እየገባች አየሩ ውስጥ ያለው ብናኝ ያብለጨልጫል። ያገኙትን ዛፍ ሁሉ በዱላቸው መታ እያደረጉ እንደምን አደርክ ይላሉ፤ በረዶው አናታቸው ላይ ይራገፋል፤ አመሰግናለሁ ይላሉ። ሮሚ ከሳቋ የተነሳ ስኪዋ ተጠላልፎ ወደቀች። እሷን ላነሳ ስል እኔም ወደቅኩ። እሳቸው ሁለታችንንም ሊያነሱ መጡና ሦስታችንም ተከመርን። ማን የማን እጅ እንደሆነ እስክንለይ ትንሽ ቆየን።

ከሁለት ሰዓት በኋላ የጫካው ዳር ደረስን። ከዚያ በላይ ገላጣው ዳገት ነው፤ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ እንደ ወተት። መሃሉ ላይ ከእኛ ቀድመው የወጡ የሁለት ሰዎች የስኪ መስመር እየተጠማዘዘ ወርዷል። ቆመን አየነው። እውነቱን ለመናገር እኔም አፌ ውሃ ሞላ።

ጋሼ ገረመው እንውጣ አሉ።

ሮሚ ቀልዳቸውን መሰላት። አልነበረም። ሰማዩ ጠርቷል አሉ፣ ጫፉ ቅርብ ነው አሉ፣ ሦስት ነን፣ ሁላችንም ቢከን አለን። ጉንጫቸው እንደ ቲማቲም ቀልቷል፣ ዓይናቸው ያበራል። እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

«አባዬ፣ ትናንት ሙሉ ቀን ነፋስ ነበር» አለች ሮሚ። «ከሥሩ ያለውን ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ።»

«ሰዎቹ ወርደውበታል'ኮ። መስመራቸው ይኸው።»

«ተሳፋሪዎችህን እንዲህ ነው የምትላቸው?»

ዱላቸውን በረዶው ላይ ተክለው ጀርባቸውን ሰጡን፤ ኩርፊያ መሆኑ ነው። ሮሚ አልተከራከረችም። እንጀራ ፍርፍሩን ከቴርሞሱ አወጣችና እዚያው ዛፎቹ ሥር ተቀምጠን በላን። በልተው ሲጨርሱ ፊታቸው በራ። ፎቶ ላንሳ ብለው ተነሱ። ከተቀመጥንበት አስር እርምጃ ላይ አንድ የደረቀ ወንዝ አለ፤ ዳርቻው ቁልቁል ነው እንጂ ከሁለት ሰው ቁመት አይበልጥም። ትንሽ ስለሆነች ሮሚም እኔም ዳገት ናት ብለን አልቆጠርናትም። እሳቸውም እንደዚያው ሳይሆኑ አልቀረም። ዳር ላይ ቆሙ፣ ስልካቸውን አነሱ፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ።

ድምጹን መጀመሪያ በእግሬ ነው የሰማሁት። ባዶ ቤት ውስጥ ከባድ ፍራሽ ሲወድቅ የሚሰማ ዓይነት ድምጽ ነው። ከእግራቸው ሥር አንድ ስንጥቅ እንደ ክር ወደ ግራና ቀኝ ሮጠ፣ ዳርቻው እንዳለ ተገምሶ ወረደ፣ ጋሼ ገረመውም አብረውት ወረዱ። ስማቸውን እንኳ ጠርቼ አልጨረስኩም።

ሮሚ የተማርነውን አደረገች። መጀመሪያ ሌላ የሚወርድ እንዳለ ወደ ላይ አየች፤ አልነበረም። ከዚያ ወረደች፤ ተከተልኳት። አባቷ ወንዙ ወለል ላይ እስከ ሆዳቸው ተቀብረው ቆመዋል፤ ኮፍያቸው የለም፣ ስልካቸው ግን በተዘረጋ እጃቸው ላይ ነው። በረዶው ቆም ሲል እንደ ሲሚንቶ ይይዛል፤ በእጅ አይነቃነቅም። አካፋችንን አውጥተን ቆፈርን። የሚያምዎት ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። የግራ እግራቸው የበረዶ ጫማ የት እንዳለ ከማያውቁ በቀር ደህና እንደሆኑ ነገሩኝ። ሮሚ እየቆፈረች እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል።

ጉልበታቸው ነጻ ሲወጣ ጎንበስ አሉና ከተገመሰው ግድግዳ ግርጌ አንድ እፍኝ ዘገኑ። መዳፋቸው ላይ ፈሰሰ።

«ሮሚ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስኳሩ ነው።»

ሮሚ አካፋዋን ጣለች። «ሦስት ወር ሙሉ ሥራ ላይ እየደወልክ ያስጠነቀቅከኝ፣ አንተው ልትረግጠው ነው?»

እኔ ነኝ መጀመሪያ የሳቅኩት፤ ይቅር በሉኝ፣ አፌን ይዤ ነበር። ከዚያ ሮሚ እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ እሳቸው። ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጠን ሆዳችን እስኪያመን ሳቅን፤ አንዳችን ዝም ስንል ሌላው የጋሼ ገረመውን ስልክ አያያዝ ያስታውስና እንደገና ይጀምራል። ፎቶውን አንስተውታል። ሰማይና አንድ ጣት ነው።

ሳቁ ሲበርድ ልጃቸውን በአንድ እጃቸው አቀፏት። «ያወቅኩት ሁሉ ከጭንቅላቴ አልጠፋም ነበር» አሏት። «ትንበያውን አሁንም በቃሌ እልልሻለሁ። ግን ደስታው በላዩ ላይ ተቀመጠበት። እንዲህ የሚያደርግ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ሳውቅ ገና ዛሬ ነው።»

ሮሚ እሷንም ደስታው ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጓት እንደሚያውቅ ነገረቻቸው። እስከዚያ ቀን ለኔም አልነገረችኝም።

የግራ ጫማው ከአንድ ሜትር ሥር ተገኘ። ገላጣው ዳገት ያን ቀን አልወረደም፤ ብንወጣበት ይወርድ እንደነበር የሚያውቅ የለም። እኛ በጫካው ውስጥ ወረድን፤ ሮሚና እኔ በስኪ፣ እሳቸው በሁለት ሜትር ርምጃ እየዘለሉ፣ መዝለሉ ሲደክማቸው በመቀመጫቸው እየተንሸራተቱ። በረዶው እስከ ጉልበት፣ እንደ ዱቄት ቀላል ነው። ፓርኪንጉ ላይ ስንደርስ ጢማቸው ሁሉ ነጭ ነበር፤ አንዲት የማናውቃት ሴት ምን ዓይነት ቀን ቢሆን ነው ብላ ከመኪናዋ ውስጥ ሳቀችልን።

ከፓርኪንጉ ሳንወጣ ስልካቸውን አውጥተው ለትንበያው ሰዎች ሪፖርት ጻፉ፤ ማንም ያየውን መላክ ይችላል። ቦታውን፣ ቁመቱን፣ የወረደበትን ሽፋን አሟልተው ጻፉ። ማን ቀሰቀሰው በሚለው ላይ፣ «የስልሳ አንድ ዓመት ሰው፣ ትምህርቱን የወሰደ» አሉ። ሮሚ ሁለተኛውን አጥፋው አለቻቸው። አላጠፉም።

ቤት ሲገቡ ለእትዬ ፈትለወርቅ ሁሉንም ነገሯቸው፤ እኔ ባትነገር ይሻላል ያልኳትን እንኳ አልዘለሉም። እትዬ ፈትለወርቅ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አጣምረው እስከ መጨረሻው ሰሙ። የተቆጡ መስሎን ጠበቅን። እሳቸው ግን ሮሚን፣ ይሄ ነገር ገደል የሌለበት ቦታ የለውም ወይ ብለው ጠየቁ። አለ አለች። እንግዲያው እዚያ እንዲማር፣ እኔም ቆሜ እጠብቀዋለሁ አሉ።

ስለዚህ በቀጣዩ ቅዳሜ ከተማው ዳር ወዳለችው ትንሽ የስኪ ኮረብታ ሄድን። ጋሼ ገረመው ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፈው፣ የስኪያቸውን ጫፍ እንደ ፒዛ ቁራጭ አጥበው መቆም ተማሩ። እትዬ ፈትለወርቅ በነጠላቸው ላይ ጃኬት ደርበው ዳር ላይ ቆሙ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እግሬን በረደኝ አሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሮሚን ወደ ስኪ ማከራያው ይዘዋት ሄዱና ስኪ አጥልቀው ወጡ።

ባልና ሚስቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከጉብታዋ አናት ተነሱ። ፍጥነታቸው ከሰው እርምጃ አይበልጥም። ሆኖም ማቆም አልቻሉም፤ በሕፃናቱ ሰልፍ መሃል ይቅርታ ይቅርታ እያሉ አለፉ፣ አስተማሪውን አለፉ፣ እኔንና ሮሚን አለፉ፣ ኮረብታው ግርጌ ያለው መረብ ውስጥ ገብተው ቆሙ። ሮጠን ደረስን። እትዬ ፈትለወርቅ ነጠላቸው ፊታቸው ላይ ተጠምጥሞ፣ ባላቸውን እንደያዙ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ይስቃሉ።

ነጠላውን ገለጥኩላቸው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ትምህርት ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ አስተማሪውን ጠይቂልኝ አሉኝ።